ብርቱካናማ ፍላሽ፣ ሰማያዊ ሰማይ

«ፈጣሪ ብርቱካናማውን ብርሃን በነፃ እየለቀቀልሽ፣ አንቺ ፍላሽሽ ላይ ብርቱካናማ ላስቲክ ትለጥፊያለሽ?»

ጠያቂው አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ናቸው። ቦታው ቢዮ አዋሌ ነው፤ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው ኮረብታው ላይ አንድ ድንጋይ ይዘው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ያለቀው በድሬዳዋው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ በፎቶ ቤትና በጨለማ ክፍል ነው። ፍላሹን ስታንድ ላይ የምታስረው ወጣት ደግሞ በሠርግ ፎቶና በሙዚቃ ክሊፕ የምትተዳደር ናት። እሳቸው ሊነሱላት መጥተዋል፤ አፋቸውን ዘግተው ሊነሱ ግን አልመጡም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ታገሰኝ። የምለጥፈው ያንተን ፊት ብርቱካናማ ለማድረግ አይደለም፤ ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ ነው።»

«አቦ! ላስቲኩ እኔ ፊት ላይ፣ ቀለሙ ሰማይ ላይ?»

(ድሬ ላይ ታላቅን «አንተ» ማለት ቅርበት እንጂ ድፍረት አይደለም። የሌላ ከተማ አንባቢ በልጅቷ አይፍረድባት።)

«ላስቲክ» ያሉት ጄል ነው፤ ከፍላሹ ፊት የሚደረግ ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ። ድሮ ለቲያትር መድረክ ከጄላቲን ይሠራ ስለነበር ስሙ አብሮት ቀረ። ጄላቲኑ ውኃ ሲነካው ይሟሟ፣ ሙቀት ሲበዛበት ይሰባበር ነበር። የዛሬው ሙቀት ከሚችል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ» አለች ልጅቷ። «ጄል ቀለም አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ከፍላሹ የሚወጣው ነጭ ብርሃን ውስጥ ሁሉም ቀለም አለ። ቀይ ጄል ቀዩን አሳልፎ ሌላውን ያስቀረዋል።»

«ይኼን ለእኔ አታስተምሪኝም። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ስንት ዓመት ነው የሠራሁት? የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም። ቀይ መስታወቱ ወረቀቱን የሚያቃጥለውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይይዝልናል፣ እኛ በቀረው እናያለን። ቀለም ያለው ብርሃን ለእኛ መሣሪያ ነበር፤ ለእናንተ ጌጥ ሆነ።»

«የአፈወርቅ ተክሌ መስታወትስ ጌጥ ነው?»

ሽማግሌው ለአፍታ ዝም አሉ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው፣ ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ጀምሮ የውጭውን ብርሃን እየመረጠ ያስገባል። አሠራሩ ከጄል አይለይም፤ ነጭ ብርሃን ይገባል፣ መስታወቱ ከፊሉን ይይዛል፣ የቀረው ይደርሰናል። ልዩነቱ መብራቱ ፀሐይ መሆኑ ብቻ ነው።

«እሱማ ጌጥ አይባልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አስተውለሻል? አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ነው የሚያምረው። በሁሉም ማዕዘን ነጭ መብራት ብታበሪበት ያ ሁሉ ቀለም ይገረጣል።»

«ልነግርህ የነበረው እሱን ነው!»

ለጄል ብርሃን እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚስተው ይኼንን ነው። ቀዩ ጄል ሮዝ ሆኖ ሲወጣበት የፍላሹን ኃይል ይጨምራል፤ ሮዙም ይብስ ይነጣል። ቀለም እንዲጠልቅ ከተፈለገ ኃይሉ መቀነስ አለበት፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ነጭ ብርሃንም ቀለሙ ያረፈበትን ቦታ እንዳይነካ መከልከል። ስቱዲዮ ውስጥ ከነጭ ግድግዳ ይልቅ ግራጫ ወይም ጥቁር ግድግዳ ላይ ቀለም የሚጠግበው በዚሁ ምክንያት ነው። ተነሺውን ከግድግዳው ማራቅም ይረዳል፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ ለፊት የታሰበው ነጭ ብርሃን ግድግዳው ዘንድ ሳይደርስ ይደክማል።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገባች።

«አሁን ጊዜ የለንም» አለች ልጅቷ፣ ካሜራውን እያስተካከለች። ትክክል ናት። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። የአውሮፓ ፎቶ አንሺዎች በበጋ ረዘም ላለ ጊዜ የሚዝናኑበት ድንግዝግዝታ እዚህ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። «ዋይት ባላንሱን 3200 ላይ አደረግሁት። ካሜራው በአምፖል ብርሃን ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አምፖል ብርቱካናማ ስለሆነ፣ ያንን ለማረም ሁሉንም ነገር ወደ ሰማያዊ ይገፋል። ሰማዩ ደግሞ ቀድሞውንም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው።»

«ስለዚህ ይብሳል።»

«ይጠልቃል። ግን አንተም አብረህ ሰማያዊ ትሆናለህ፤ ብርድ ላይ ያደረ ሰው ትመስላለህ። ለዚህ ነው ፍላሹ ላይ ሙሉ ሲቲኦ የሚባለውን ብርቱካናማ ጄል ያደረግሁት። የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ይኼ ጄል ወደ 2900 ያወርደዋል። ካሜራው ‹አሃ፣ ይኼ አምፖል ነው› ብሎ ፊትህን እንደ ፊት ያያል። ትንሽ ሞቅ ብሎ።»

ፍላሹ ብልጭ አለ። ሽማግሌው ተነስተው የካሜራውን ስክሪን ለማየት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። ፊታቸው የራሳቸው ነው። ከኋላቸው ያለው ሰማይ ግን ዓይናቸው ከሚያየው በብዙ እጥፍ የጠለቀ ሰማያዊ ሆኗል፤ የቢዮ አዋሌ ተራራ በጥቁር ቀለም የተሰመረ ይመስላል።

«ይኼንን» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእህቴ ልጅ በስልኩ ይሠራዋል። ጣቱን ወደ ግራ ይጎትትና ሰማያዊ፣ ወደ ቀኝ ይጎትትና ብርቱካናማ። ለዚህ ነው እዚህ ኮረብታ ያወጣሽኝ?»

ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ዛሬ ጄል የሚገዛ ፎቶ አንሺ ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው ይገባል። በሮው ፋይል የተነሣ ፎቶ ላይ ዋይት ባላንስ ቤት ገብቶም ይስተካከላል፤ ታዲያ ፕላስቲኩ ለምን?

«ጎትት» አለቻቸው ልጅቷ ስልኳን እየሰጠች። «ወደ ሰማያዊ ስትጎትተው ፊትህም ሰማዩም አብረው ይሄዳሉ። ወደ ብርቱካናማ ስትመልሰውም እንደዚያው። ጉተታው ሁለቱን መብራቶች አንድ ላይ ነው የሚያንቀሳቅሰው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይነካም። ያንን ርቀት ያሰፋው ጄሉ ነው፤ ከተነሣ በኋላ የሚሰፋበት መንገድ የለም።»

«ፊቴን ቆርጦ ለብቻው ቢያስተካክለውስ?»

«ይሞክር። ጠጉርህ ጫፍ ላይ፣ ጆሮህ ዙሪያ፣ ጉንጭህ ላይ ሁለቱ ብርሃኖች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚጋለጠው። እዚህ» አለች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ «ፍላሹ ያልደረሰበት የጉንጭህ ጎን ሰማያዊ ነው። ጥላህን ሰማዩ ሞልቶታል። ይኼን በማስክ ለመሥራት ግማሽ ቀን ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ያስታውቅበታል።»

ሽማግሌው ጥላውን ደጋግመው አዩት። ጥቁርና ነጭ ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጥላ ማንበብ ያውቃሉ። ጥላ የራሱ ቀለም ሊኖረው እንደሚችል ግን ልብ ብለው አስበውት አያውቁም ነበር።

ሲቲኦ በሙሉ፣ በግማሽና በሩብ ይሸጣል። ግማሹ የፍላሹን ብርሃን ወደ 3800፣ ሩቡ ወደ 4500 ኬልቪን ያወርዳል። ሩቡ ከሞላ ጎደል አይታይም፤ ለፊት ትንሽ ሙቀት ይጨምራል፣ ያንን ብቻ። የዚህ ቤተሰብ ጄሎች መጀመሪያ የተሠሩት ለጨዋታ ሳይሆን ለማስማማት ነው፤ ለምሳሌ በአምፖል በበራ ሳሎን ውስጥ ሰው ሲነሣ ፍላሹ ቤቱን እንዲመስል። በሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ውስጥ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ ጄል ያስፈልጋል፤ ሸምበቆው ዓይናችን ችላ የሚለው፣ ካሜራ ግን የማይምረው አረንጓዴ ስላለው። ፍላሹን ከሸምበቆው ጋር አረንጓዴ አድርጎ፣ ዋይት ባላንሱን ሸምበቆ ላይ ካደረጉ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ የሚነሡ የሠርግ ፎቶዎች ላይ ፊቱ ነጣ ብሎ ጀርባው እንደ ውኃ ሻጋታ አረንጓዴ የሚሆነው ይኼ ሲዘለል ነው። ብዙዎቻችን አልበም ውስጥ አንድ ሁለቱ አይጠፉም።

ይኼንኑ ዘዴ ከሸምበቆው አውጥቶ ሜዳ ላይ መጠቀም ደግሞ ወጣቶቹ የሚወዱት ጨዋታ ነው። ልጅቷ ብርቱካናማውን አውልቃ አረንጓዴውን አሰረች፤ ዋይት ባላንሱን ወደ ሸምበቆ መብራት ቀየረች። ካሜራው አረንጓዴውን ለማረም ማጀንታ ይጨምራል። ፊት ላይ ያለው አረንጓዴ ፍላሽ በዚያ ይሰረዛል፤ ሰማዩ ዘንድ ግን የሚሰረዝ አረንጓዴ የለም።

«ሐምራዊ!» አሉ ሽማግሌው። «ወላሂ፣ ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ።»

«ወደድከው?»

«አልወደድኩትም። ግን አየሁት።»

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጨለመ፤ የቀረው ፍላሹና እነሱ ናቸው። ልጅቷ ከቦርሳዋ ጥልቅ ሰማያዊ ጄል ስታወጣ ሽማግሌው ዓይናቸው ላይ ይዘው አዩበትና ምንም እንደማይታያቸው ተናገሩ። አልተሳሳቱም። ኮንጎ ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ከሚደርስበት ብርሃን የሚያሳልፈው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ በፎቶ አንሺ ቋንቋ፣ ብርሃን በእያንዳንዱ ስቶፕ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ስቶፕ ያህል ይበላል። ሙሉ ሲቲኦ አንድ ስቶፕ የማይሞላ ነው የሚወስደው። በአንድ ትንሽ የካሜራ ፍላሽ ጥልቅ ሰማያዊ ለመሥራት መሞከር ስለዚህ የጨለማ ሥራ ነው፤ ቀን ላይ አይታሰብም።

«ይኼን ሰማያዊ ፊቴ ላይ ልታደርጊው ነው?»

«ፊትህ ላይ አላደርገውም፤ ከኋላህ በጎን።»

ምክንያቱን የነገረቻቸው እያሳየች ነው። ቡናማ ቆዳ ሰማያዊ ብርሃንን አብዝቶ ይውጣል፤ ቀይን ግን ይመልሳል። ስለዚህ ሰማያዊ ጄል ከፊት ለፊት ሲመጣ ፊቱ ይጨልማል፣ ጠባሳና ነጠብጣብ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ቀይ ጄል ከፊት ሲመጣ ተቃራኒው ይሆናል፤ ነጠብጣቡ ይጠፋል፣ ፊቱም እንደ ጭምብል ይለሰልሳል። ከጎንና ከኋላ ተንሸራቶ የሚመጣ ብርሃን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ወደ ቆዳው ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ብርሃን የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ከቆዳው ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ግን የመብራቱን ቀለም እንዳለ ይመልሳል። በጥቁር ቆዳ ላይ ይኼ ነጸብራቅ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚሰመረው ሰማያዊ መስመር የሚደምቀው ለዚህ ነው።

«የእኛ ቆዳ ለጄል የተሠራ ነው በይኛ።»

«ጄሉ ለእኛ ቆዳ ይመቻል ልበልህ። ፊልሙ ግን አልተመቸንም ነበር፤ አንተ ነህ የምታውቀው።»

ያውቃሉ። የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ላቦራቶሪዎች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በእሷው ስም «ሸርሊ» ተባለ። ለሸርሊ ቆዳ የተስተካከለ ፊልም ጥቁር ሰው ላይ ዝርዝር ያጠፋ ነበር። የድሬዳዋ የፎቶ ቤት ሰው ለደንበኛው ሊያስረዳ የማይችለው ችግር ነበር ይኼ፤ ደንበኛው «ለምን አጠቆርከኝ?» ሲለው መልሱ ያለው የኮዳክ ከተማ ሮቼስተር፣ አሜሪካ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ሌላ ነገር ተሻገሩ። «ቀለም ከፈለግሽ ለምን በብርሃን? አይዳ ሙሉነህን ተመልከቺ። ቀለሙን ሰው ላይ ነው የምትቀባው።»

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የተወለደችው፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ፎቶ አንሺዋ አይዳ በ2016ቱ «ዘ ወርልድ ኢዝ ናይን» ሥራዎቿ የተነሺዎቿን ፊትና አካል በቀለም ቀብታ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ልብስና ጀርባ መርጣ ነው ያነሳችው። በ2018 ለዋተርኤድ አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ያነሳቻቸው 12 ፎቶዎችም እንዲሁ። ቀለሙ ዕቃው ላይ እንጂ ብርሃኑ ላይ አይደለም።

«እሷ ቀለም ቅብ ነው የምትሠራው፣ እኔ ብርሃን» አለች ልጅቷ። «ሕጋቸው የተለያየ ነው። ቀይ ቅብ ከአረንጓዴ ቅብ ጋር ብትደባልቅ ምን ይሆናል?»

«ጭቃ።»

«ቀይ ፍላሽና አረንጓዴ ፍላሽ አንድ ግድግዳ ላይ ብትደርብ ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ስትጨምርበት ነጭ። ያኔ ሦስቱ መሐል ሰው ስታቆም ነው ጉዱ፤ ቀዩን የጋረደው ጥላ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ስለሚደርሰው ሳያን ይሆናል፣ አረንጓዴውን የጋረደው ማጀንታ፣ ሰማያዊውን የጋረደው ቢጫ። ሰውዬው በነጭ ብርሃን ይቆማል፤ ጥላዎቹ ይደንሳሉ።»

ይኼ አዲስ ግኝት አይደለም። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሡ ሦስት ምስሎችን በዚያው ቀለም ማጣሪያ ደራርቦ በማሳየት የቀለም ፎቶግራፍን መሠረት ጥሏል። ስልካችን ላይ ያለው ስክሪን ዛሬም የሚሠራው በእነዚያ ሦስት ቀለሞች ነው።

«ቅቡ ግን ይቀድማል» አሉ ሽማግሌው፣ ላለመሸነፍ። ከተማቸውን ያውቃሉ። ከድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኢፒክ ዋሻ ውስጥ ተመራማሪዎች ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከ4,200 በላይ ቁራጭ ቀለም ያለው ድንጋይ ለይተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፤ ከፊሉ ተፈጭቶ ዱቄት የወጣበት። የድሬ ሰው ቀለም መፍጨት የጀመረው ዛሬ አይደለም።

«ስለ ዋጋው ንገሪኝ» አሉ ቀጥለው፤ ይኼ የነጋዴ ጥያቄ ነው። «ይኼን ላስቲክ የአበባ መጠቅለያ ሱቅ በጥቂት ብር አገኘዋለሁ።»

«ለጨዋታ ይሆናል። ለማስማማት ግን አይሆንም። የአበባው ሴሎፎን ዛሬ የገዛኸው ብርቱካናማና ነገ የምትገዛው አንድ አይሆኑም። እጥፋቱ ብርሃኑን ይበታትነዋል። ፍላሹ ላይ ለጥፈህ ሙሉ ኃይል ደጋግመህ ስታበራ ደግሞ ይቀልጣል፤ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ላስቲክ መፋቅ ምን እንደሚመስል አትጠይቀኝ። ደህናውም ጄል ቢሆን ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ቢል ይሻለዋል።»

«እና ከሁሉም የቱን ልግዛ?»

ሽማግሌው «ልግዛ» በማለታቸው ልጅቷ አልሳቀችም። «ሙሉ ሲቲኦ፣ ግማሽ ሲቲኦ፣ አንድ አረንጓዴ። ቀዩንና ሰማያዊውን በኋላ።»

«ሁሉም የማስማሚያ ናቸው። ቀለም ቀለም የሚለውን አላልሽኝም።»

«ማስማማት ያልቻለ ማጣላት አይችልም፣ ጋሼ። ሰማዩን ሰማያዊ ያደረግነው በማስማሚያው ጄል ነው፤ አየህ አይደል?»

ዕቃውን እየሰበሰቡ የመጨረሻው ክርክር መጣ። የሐምራዊው ሰማይ ፎቶ እውነት ነው ወይስ ውሸት? ሽማግሌው አቋማቸው ግልጽ ነው። ለጋዜጣ የሚነሣ ፎቶ ላይ ፍላሹን ከክፍሉ አምፖል ጋር ማስማማት ሥራ ነው፤ ሰማዩን ሐምራዊ ማድረግ ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። ቢዮ አዋሌ ላይ እንዲህ ያለ ሰማይ የለም፤ አንድ ጋዜጣ «ቢዮ አዋሌ፣ አመሻሽ» ብሎ ቢያትመው እሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ልጅቷም በዚህ አልተከራከረችም። ሙሽራ ግን ሌላ ነገር ትላለች አለች፤ ሙሽራ የምትከፍለው ለአመሻሹ ሳይሆን አመሻሹ በዚያ ቀን ለመሰላት ነገር ነው።

«ሰማያዊውን ለእኔ አትሚልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ትልቅ አድርገሽ። ፎቶ ቤቱ በር ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ሐምራዊውንስ?»

«እሱን ለክሊፕ ልጆች ሽጪላቸው። ደግሞ እኔ መሆኔን አትንገሪያቸው።»